አባ ሻንቆና ካውቦዩ

ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1870 ዓ.ም. ከዛሬዋ ደሴ በስተ ሰሜን በሚገኘው በቦሩ ሜዳ ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያንን ሰብስበው የሃይማኖቱን ክርክር በጉባኤ ባስቆረጡበት ወራት፣ ከወሎ መሳፍንት አንዱ የነበሩት ኢማም መሐመድ ዓሊ ክርስትና ተነሡ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው የክርስትና አባት ሆነው ሚካኤል አሰኟቸውና በራስነት ማዕርግ አከበሯቸው። ስለዚህ ጥምቀት ታሪክ ጸሐፍት ብዙ ተከራክረዋል፤ የእኔን ልብ የሚስበው ግን ከመሐመድም ከሚካኤልም ሌላ የሆነው ሦስተኛው ስማቸው፣ ፎካሪው በሰልፍ መካከል ከፍ አድርጎ የሚጠራው አባ ሻንቆ ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው እንደ ተባሉ ሁሉ የወሎውም ጌታ በፈረሳቸው ስም ይወደሱ ነበር፤ ወሎም በደጋው ሜዳ ፈረስ የሚረባበት፣ ብላቴናው ከመሮጥ አስቀድሞ መጋለብ የሚማርበት አገር ነውና፣ ይህ ስም ከላይ የተለጠፈ ጌጥ ሳይሆን የጌትነታቸው መሠረት ሆኖ ይሰማ ነበር።

በዚያው ዘመን በባሕር ማዶ፣ በሰሜን አሜሪካ፣ ሌላ ዓይነት ፈረሰኛ አቧራውን እያስነሣ ይጓዝ ነበር። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በ1865 እ.ኤ.አ. ሲያበቃ በቴክሳስ ሜዳ ባለቤት አልባ ሆኖ የበዛውን ባለ ረጅም ቀንድ ከብት የሰሜኑ ከተሞች ሥጋ ፈላጊ ሕዝብ ይጠብቀው ስለ ነበር፣ ከ1867 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መንጋው እየተነዳ በካንሳስ ግዛት እስካለችው የአቢሊን ባቡር ጣቢያ ድረስ ወራት የሚፈጅ መንገድ ይሄድ ጀመር። ይህን መንጋ በፈረስ ሆኖ የሚነዳው ሰው ካውቦይ ተባለ፤ በወር ከ25 እስከ 40 ዶላር የሚቀበል፣ በዝናብና በፀሐይ የሚንገላታ ተቀጣሪ እረኛ ነበረ እንጂ ገድል የሚጻፍለት ጀግና አልነበረም። ከመካከላቸው ሜክሲኮውያን ነበሩ፤ ከባርነት የወጡ ጥቁሮችም ነበሩ፤ ከአራቱ ካውቦይ አንዱ ጥቁር ነበር ብለው የሚገምቱ ጸሐፍት አሉ። በሹማምንቱም ዘንድ ስሙ መልካም አልነበረም፤ ፕሬዚዳንት ቼስተር አርተር በ1881 እ.ኤ.አ. ለምክር ቤቱ በላኩት ዓመታዊ መልእክት ካውቦይ የሚባሉ የታጠቁ ወንበዴዎች የአሪዞናን ግዛት እንዳወኩ ገልጠው ከሰዋቸዋል።

ይህ የመንጋ ነጂ ሕይወት ዕድሜው አጭር ሆነ። በ1874 እ.ኤ.አ. የወጣው የሾህ ሽቦ ሜዳውን ከፋፈለው፤ የባቡር ሐዲዱ ወደ ቴክሳስ ተጠጋ፤ በ1886 እና በ1887 እ.ኤ.አ. መካከል የወረደውም ብርቱ ክረምት በሰሜኑ ሜዳ የነበረውን ከብት ጨረሰው። ነገር ግን እረኛው ከሜዳው ሲጠፋ አምሳሉ በከተማ ተወለደ፤ ቡፋሎ ቢል የተባለው ሰው በ1883 እ.ኤ.አ. ባቋቋመው ትርኢት ፈረሰኞችን ከከተማ ወደ ከተማ እያዞረ ለሕዝብ ሲያሳይ፣ በፎቅ ቤት የሚኖረው የኒው ዮርክ ሰው ላም ሳይጠብቅ የላም ጠባቂውን ባርኔጣና ገመድ ወደደ።

አምሳሉን ወደ መንግሥት ጉዳይ ያስገባው የጋዜጣ የፌዝ ሥዕል ነው። በአሜሪካ ይህን ጥበብ ከፍ ካደረጉት መካከል ቶማስ ናስት የተባለው ሠዓሊ ዋነኛው ሲሆን፣ የኒው ዮርክን ከተማ ገንዘብ ይዘርፍ የነበረውን ዊልያም ትዊድን በሳምንታዊው መጽሔት እየሣለ አዋረደው፤ ትዊድም ወገኖቼ ማንበብ ስለማይችሉ የጋዜጣው ጽሑፍ አያስፈራኝም፣ ሥዕሉን ግን ያያሉ እያለ ያማርር ነበር ይባላል። ከእስር አምልጦ በሸሸባት በእስፓኝ አገር በ1876 እ.ኤ.አ. የተያዘውም መልኩ ከናስት ሥዕል ስለ ታወቀ ነው። ከዚያ በኋላ ፐክና ጀጅ የተባሉት የፌዝ መጽሔቶች በቀለም እየታተሙ፣ ፖለቲከኛውን ሁሉ በአህያና በዝሆን፣ በሕፃንና በባለ ሰርከስ መልክ እያቀረቡ ሕዝቡን ያስቁት ጀመር።

ይህ ሥራ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ሊሆንበት አይገባም፤ መጻፍና ማንበብ የጥቂቶች በነበረበት ዘመን የቤተ መቅደሱ ግድግዳ ለምእመናን ሁሉ የተዘረጋ መጽሐፍ ነበርና። የእኛ ሠዓሊ ጻድቁን ሁለት ዐይኑን አድርጎ ፊት ለፊት ሲሥለው፣ ከሓዲውንና ጠላትን ግን በጎን፣ በአንድ ዐይን ብቻ ያወጣዋል፤ ተመልካቹም ታሪኩን ሳያውቅ በፊት ፍርዱን ያውቃል። በነጭ ፈረስ ሆኖ ደራጎኑን ከሚወጋው ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጎን፣ በጥቁር ፈረስ ሆኖ ከሓዲውን ንጉሥ ዑልያኖስን የሚወጋው ቅዱስ መርቆሬዎስ ይሣላል፤ እንግዲህ የክፉ ንጉሥን መገልበጥ በአደባባይ የሚያሳይ ሥዕል በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ለብዙ ዘመን ኖሯል ማለት ነው፤ አንድም ንጉሥ ይህን ይፋቅልኝ ማለቱን አልሰማሁም። ኮርቻው ላይ ያለው ጻድቅ፣ ከሰኮናው በታች የወደቀው ዐመፀኛ ነው፤ የኒው ዮርክም ሠዓሊ ከዚህ የተለየ ሕግ አልነበረውም።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ጦርነት ራስ ሚካኤል የወሎን ፈረሰኛ አስከትለው ዋሉ። ከዋናው የኢጣልያ ጦር ተለይቶ ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ የገባውን የጄኔራል ዳቦርሚዳን ብርጌድ ሲያሳድዱ ከዋሉት መካከል የእርሳቸው ፈረሰኞች ነበሩ፤ ጄኔራሉም በዚያው ወደቀ። የዐድዋን ሥዕል ከዚያ በኋላ የሣሉት ሠዓልያን ጠላትን በአንድ ዐይን፣ ወገንን በሁለት ዐይን አድርገው፣ ቅዱስ ጊዮርጊስን ከሰማይ በነጭ ፈረስ አውርደው የድሉን ባለቤት ለይተው አሳዩ። በሎንዶን ደግሞ ቫኒቲ ፌር የተባለው መጽሔት በሚያወጣቸው የታላላቅ ሰዎች የፌዝ ሥዕሎች መካከል በ1897 እ.ኤ.አ. ምኒልክን አስገባቸው፤ በኤውሮፓ የፌዝ ሥዕል መዝገብ ውስጥ መግባት በዚያ ዘመን የመከበር ምልክት ነበር፤ ማንም በማያውቀው ሰው ላይ ማንም አያፌዝምና።

ከዐድዋ ሁለት ዓመት በኋላ ቴዎዶር ሩዝቬልት ወደ ኩባ ዘመተ። ይህ ሰው የኒው ዮርክ ባለጠጋ ልጅ፣ የሐርቫርድ ተማሪ፣ መነጽር የሚያደርግ ነበር፤ በየካቲት ወር 1884 እ.ኤ.አ. እናቱና ሚስቱ በአንድ ቀን ቢሞቱበት ኀዘኑን ይዞ ወደ ዳኮታ ሜዳ ሸሽቶ ከብት እያረባ ከካውቦዮች ጋር ኖረ፤ ገንዘቡንም አብዛኛውን ያ የ1886 ክረምት በላበት። ከእስፓኝ ጋር ጦርነት ሲነሣ ካውቦዮችንና የሐርቫርድ ጎልማሶችን ቀላቅሎ የፈረሰኛ ክፍለ ጦር አቋቋመ፤ ሕዝቡም «ራፍ ራይደርስ» ብሎ ሰየማቸው። የሚያስቀው ነገር፣ መርከብ ስለ ጠበበ ፈረሶቻቸው በፍሎሪዳ ቀርተው እነዚህ ፈረሰኞች የተዋጉት በእግራቸው ነው፤ ሐምሌ 1 ቀን 1898 እ.ኤ.አ. ኮረብታውን ሲወጡ ሩዝቬልት ብቻ ለጥቂት ጊዜ በፈረስ ታየ። የጋዜጣ ሠዓልያን ግን ይህን ለማየት አልፈለጉም፤ ባርኔጣውን፣ መነጽሩን፣ ትልልቅ ጥርሱንና የፈረሱን ልጓም አንድ ላይ አድርገው አንድ ቅርጽ አበጁ።

በመስከረም 1901 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ማኪንሌይ ተገድለው ሩዝቬልት በቦታቸው ሲተኩ፣ የሪፐብሊካኑ ፓርቲ አለቃ ማርክ ሐና ያ የተረገመ ካውቦይ ፕሬዚዳንት ሆነ ብሎ በምሬት ተናገረ ይባላል። ሐና በስድብነት ያነሣውን ሠዓልያኑ ሥራ አደረጉት፤ ፕሬዚዳንቱን ያልተገራ ፈረስ ሲገራ፣ ታላላቆቹን የንግድ ኩባንያዎች በገመድ አንገት አንገታቸውን ሲጠልፍ፣ ምክር ቤቱን በጅራፍ ሲነዳ እየሣሉ ለወዳጁ ደስታ፣ ለጠላቱ ስጋት ሰጡ። እዚህ ላይ ሳላደንቅ የማላልፈው አንድ ነገር አለ፤ አርተር ወንበዴ ብለው ከከሰሱት ከ20 ዓመት በኋላ ያው ካውቦይ በዋይት ሐውስ ሲቀመጥ፣ የሥዕሉ ገመድና ባርኔጣ ሳይለወጥ ፍርዱ ግን እንደ ሠዓሊው ወገን ተገለባበጠ። የሩዝቬልት ወገን የሆነው መጽሔት ገሪ አደረገው፤ የተቃዋሚው መጽሔት ደግሞ በሕግ ፋንታ በሽጉጥ የሚገዛ አደረገው፤ ሁለቱም የሣሉት አንድ ፈረስ ነው።

ይህ ካውቦይ የተባለ ፕሬዚዳንት ወደ አባ ዳኘው መልእክተኛ ላከ። ሮበርት ስኪነር የአሜሪካ መርከበኛ ወታደሮችን አስከትሎ ከጅቡቲ እስከ ድሬዳዋ በባቡር፣ ከዚያ ወዲህ በበቅሎ ተጉዞ አዲስ አበባ ገባ፤ ታኅሣሥ 17 ቀን 1896 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች የመጀመሪያው የንግድ ውል ተፈረመ፤ ምኒልክም ለፕሬዚዳንቱ አንበሳና የዝሆን ጥርስ ስጦታ ሰደዱ። የጸደቀውን ውል በ1904 እ.ኤ.አ. ይዞ ይመጣ የነበረው ኬንት ሉሚስ የተባለ ሰው በመንገድ ከመርከብ ላይ ጠፍቶ ሬሳው በእንግሊዝ ጠረፍ ሲገኝ፣ ውሉን ለምኒልክ ያደረሰው የጉዞ ጓደኛው ዊልያም ኤሊስ ነበር፤ ይህ ሰው በቴክሳስ፣ በቪክቶሪያ ከተማ፣ ከባርነት ከወጡ ወላጆች የተወለደ ጥቁር ነጋዴ ነው። የፌዝ መጽሔቶቹ የቴክሳስን ሰው ነጭ ፈረሰኛ አድርገው በሚሥሉበት በዚያው ሰሞን፣ የቴክሳስ ልጅ ሆኖ በምኒልክ ፊት የቆመው ጥቁር ሰው መሆኑን ከሠዓልያኑ አንዱ ቢያስታውስ ኖሮ መልካም ርእስ ባገኘ ነበር።

ወደ ደሴ እንመለስ። ግንቦት 23 ቀን 1906 ዓ.ም. ራስ ሚካኤል በልጃቸው በልጅ ኢያሱ፣ በአባ ጤና፣ ዘመን የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ደፉ። መናገሻቸው በጦሳ ሥር የተቀመጠችው ደሴ ነበረች፤ አይጠየፍ የተባለው የግብር አዳራሻቸው ዛሬም በከተማዋ ቆሞ ይታያል። ነገር ግን ንግሡ ሦስት ዓመት አልሞላም። በመስቀል ዕለት መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ኢያሱ ከሥልጣን መውረዳቸው በአዲስ አበባ ሲታወጅ፣ አባት የወሎን ሠራዊት አክተው ወደ ሸዋ ዘመቱ፤ በቶራ መስክ ራስ ልዑል ሰገድን ከነሠራዊታቸው ደመሰሱ፤ ጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ ግን ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ አባ መላ፣ እና በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት ራስ ተፈሪ የመሩት የሸዋ ሠራዊት ድል ነሣቸውና ተማረኩ። ከዚያ ወዲህ በወሎ ፈረሰኛ ብዛት ላይ የተመሠረተ እንዲህ ያለ ታላቅ ሰልፍ በኢትዮጵያ አልታየም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ በጃንሜዳ የድሉ ሰልፍ ሆነ። የእንግሊዝ ሚኒስትር ልጅ የነበረው፣ በኋላ ተጓዥና ጸሐፊ የሆነው ዊልፍሬድ ቴሲጀር በስድስት ዓመት ዕድሜው ይህን ሰልፍ አይቷል፤ በትዝታ መጽሐፉም አሥፍሮታል። ፈረሰኞቹ ጋሻቸውን አንግበው፣ ለምዳቸውን ለብሰው በግልቢያ ሲያልፉ ውለው በመጨረሻ ንጉሥ ሚካኤል ጥቁር የሐር ካባ ለብሰው፣ በሰንሰለት ታስረው፣ በእግራቸው እየሄዱ ቀረቡ። ይህን ያዘጋጀው ሰው የሥዕልን ምሥጢር የሚያውቅ ነበር እላለሁ፤ አባ ሻንቆን ከሕዝብ ፊት በእግር ማስኬድ ማናቸውም የፌዝ ሠዓሊ በቀለም ሊያደርገው ከሚችለው ሁሉ የከፋ ነውና። ንጉሡ በ1918 እ.ኤ.አ. በእስር ሳሉ ዐረፉ።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ አባ ጠቅል፣ በ1923 ዓ.ም. የንግሣቸው በዓል ሲደርስ በአዲስ አበባ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የዳግማዊ ምኒልክን ሐውልት በፈረስ ላይ አስቀርጸው መረቁ። ይህ ሐውልት እንደ ፌዝ ሥዕሎቹ ሁሉ ለወዳጅ አንድ፣ ለጠላት ሌላ ነገር ይናገር ነበር፤ ኢጣልያኖች በ1928 ዓ.ም. ከተማይቱን እንደ ያዙ ነሐሱን ፈረሰኛ ነቅለው ሰወሩት፤ ከነጻነት በኋላ ግን ወደ ቦታው ተመለሰ። ከሞተ 22 ዓመት ያለፈው ሰው፣ ያውም ነሐስ ሆኖ፣ እንዲህ መፈራቱ ብዙ ያስተምራል።

አዲስ አበባ ከመያዟ በፊት ግን የደሴ ነገር አለ፤ በእኔ አስተያየት የታሪኩ እምብርት እርሱ ነው። የኢጣልያ ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ሲሻገር፣ ንጉሠ ነገሥቱ በኅዳር ወር ወደ ሰሜን ጦር ሜዳ ለመቅረብ ወደ ደሴ ወጡ፤ አልጋ ወራሹ አስፋ ወሰንም የወሎ ገዥ ሆነው በዚያው ነበሩ። የአሜሪካና የኤውሮፓ ጋዜጠኞች፣ ፎቶግራፍ አንሺዎችና የሲኒማ ሰዎች ተከትለዋቸው ስለ ሄዱ፣ ከጥቂት ሳምንት በፊት የደሴን ስም ሰምቶ የማያውቀው ዓለም ስሟን በየቀኑ ያነብብ ጀመር። ኅዳር 26 ቀን ጧት የኢጣልያ አውሮፕላኖች በከተማዋ ላይ ቦምብ አወረዱ፤ ቤቶች ተቃጠሉ፤ ቀይ መስቀል የተሣለበት የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። ንጉሠ ነገሥቱም ወደ ዋሻ ሳይሸሹ በአየር መቃወሚያ መትረየሱ ኋላ ሆነው ወደ ሰማይ ሲተኩሱ ታዩ፤ ይህም በፎቶግራፍ ተነሥቶ በዓለም ጋዜጦች ወጣ።

አንባቢ ይህን ፎቶግራፍ ልብ ብሎ ይመልከተው። አባ ጠቅል እንጂ ፈረሱ የለም። ከጥንት ጀምሮ ለንጉሥ ክብር ሥዕሉ የሚጠይቀው ኮርቻ፣ ርካብና ጦር ቀርቶ፣ ካባ የለበሱ ቀጭን ሰው በብረት መሣሪያ ላይ ጎንበስ ብለው ነው የሚታዩት፤ ጠላትም ከፊት ሳይሆን ከላይ ነው የሚመጣው፤ እንደ ዑልያኖስ በጦር ሊወጉት አይቻልም። የውጭ አገር የፌዝ ሠዓልያን ግን አሮጌውን ሥዕል ለመተው አልቸኮሉም፤ ኢትዮጵያን ባዶ እግሩን የሆነ ባለ ጋሻና ባለ ጦር ሰው፣ ሙሶሊኒን ደግሞ ብረት የለበሰ ግዙፍ ፍጥረት አድርገው ሲሥሉ ከረሙ። በሎንዶን ዴቪድ ሎው በሙሶሊኒ ላይ ሳይታክት ሲያፌዝ፣ በኢጣልያ በኩል ኤንሪኮ ዴ ሴታ ለወታደሩ በፖስታ ካርድ የታተሙ፣ የእኛን ሰው የሚያዋርዱ ሥዕሎች ያወጣ ነበር። የአሜሪካው ታይም መጽሔት በጥር 1936 እ.ኤ.አ. ንጉሠ ነገሥቱን የዓመቱ ሰው ብሎ በሽፋኑ ላይ አወጣቸው፤ ሽፋኑ ግን አውሮፕላን አያስመታም፤ ሠራዊቱ መጋቢት 22 ቀን በማይጨው ተሸነፈ፤ ሚያዝያ 7 ቀን የኢጣልያ ጦር ደሴ ገባ።

የአምስቱን ዓመት ነገር ሌሎች በሰፊው ጽፈውታልና እኔ አልደግመውም። ኢጣልያኖች ከአሰብ እስከ ኮምቦልቻና ደሴ የሠሩትን መንገድ ትተው፣ በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. በኮምቦልቻ በር በደቡብ አፍሪካ ጦርና በአርበኞች ተሸንፈው ደሴን ለቀቁ። ከዚያ በኋላ አሜሪካ ራሷ ወደ ወሎ መጣች፤ በንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ በእቴጌ መነን እናት ስም በተሰየመው በደሴው የወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት፣ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ የገቡት የሰላም ጓድ ወጣቶች እንግሊዝኛና ሳይንስ አስተማሩ። በሲኒማ ቤትም የካውቦይ ፊልም ይታይ ስለ ነበር ልጆች የእንጨት ሽጉጥ ወገባቸው ላይ ሽጠው ይጫወቱ ነበር። የአባ ሻንቆ የልጅ ልጆች አገር ሽጉጡን ከሆሊውድ መማሩ ቢያስገርምም፣ ያው ትውልድ ብዙ ሳይቆይ ሌላ ነገር ተማረ።

ሊንደን ጆንሰን በ1963 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ሲሆኑ የፌዝ ሠዓልያኑ ሩዝቬልት ከሞተ ወዲህ ያጡትን አገኙ፤ ሰውዬው በእርግጥ የቴክሳስ ተወላጅ፣ ከብት አርቢ፣ ባለ ሰፊ ባርኔጣ ነበሩና። የቬትናም ጦርነት ሲከፋ ግን ያ ባርኔጣ በዓለም ጋዜጦች ላይ የጨካኝ ምልክት ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ በየካቲት 1959 ዓ.ም. ዋሽንግተን ሄደው ጆንሰንን ሲጎበኙ፣ በአገር ቤት ተማሪው አሜሪካን በሌላ ዐይን ያያት ጀምሮ ነበር፤ በወይዘሮ ስኂን የተማረው ዋለልኝ መኰንን ከተማሪዎቹ እንቅስቃሴ ታዋቂ ሰዎች አንዱ ሆነ።

ሮናልድ ሬገን በ1980 እ.ኤ.አ. ሲመረጡ ነገሩ የመጨረሻ ቅርጹን ያዘ። እኒህ ሰው በፊልም ካውቦይ ሆነው የተጫወቱ ስለ ነበሩ፣ ሠዓሊው ልብሱን እንኳ መፍጠር አላስፈለገውም፤ በኤውሮፓ ጋዜጦች ሁለት ሽጉጥ ታጥቀው ዓለምን ሲያስፈራሩ፣ በአገራቸው ወዳጆቻቸው ዘንድ ደግሞ ቀጥ ብለው በፈረስ ተቀምጠው ይሣሉ ነበር። የደርግ መንግሥት ጋዜጦች አሜሪካን ኢምፔሪያሊስት እያሉ በሚያወግዙበት በ1977 ዓ.ም.፣ በወሎ ረኀቡ ሲበረታ፣ ከሁሉም የበለጠውን የእርዳታ እህል የላከው የዚሁ ካውቦይ የተባለ ፕሬዚዳንት መንግሥት ነበር። ከአሰብ ወደብ የተነሣው እህል በባቲ በኩል ኮምቦልቻ ደርሶ ወደ ደሴና ወደ ሰሜን ይከፋፈል ነበር። ከፌዝ ሠዓልያኑ መካከል ሽጉጡን አስጥሎ ጆንያ ያሸከማቸው ቢኖር ጥቂት ነው፤ ሽጉጡ ለመሣል ይቀላልና፣ ጋዜጣውም በሚቀጥለው ቀን ሌላ ሥዕል ይፈልግ ነበር።